አሸዋው ብረቱን፣ ብረቱ ዋጋችንን



የሳምንቱን የማሾ፣ የማሽላና የቡና ዋጋ ጠዋት ለጥፌዋለሁ፤ እሱን አልደግምም። አሁን የምጽፈው ዋጋችንን ከሥር ሆኖ ስለሚበላው ነገር ነው፤ ስለ ብረት። «ደላላ ስለ ብረት ምን አገባው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እስከ መጨረሻው አንብቡኝና ፍረዱ።

ነገሩ የጀመረው እሁድ ዕለት እዚሁ ሰንበቴ ነው። ለማታውቋት፣ ሰንበቴ ማለት ከሸዋ ሮቢት አልፋችሁ ከሚሴ ሳትደርሱ የምታገኟት፣ ከደጋው አማራው፣ ከሜዳው ኦሮሞው፣ ከተራራው ሥር አርጎባው፣ ከቆላው አፋሩ ግመሉን እየነዳ በሰንበት የሚገናኙባት ገበያ ናት። እህሉን የማሻሽጠው እዚሁ ቆሜ ነው፤ ቡናውን ግን በስልክ ነው የማገናኘው።

ገበያው ሲበተን አንድ ማኅበር ማሾ ወደሚያበጥርበት መጋዘን ጎራ አልኩ። ገዢውን ያመጣሁት እኔ ስለሆንኩ ጭነቱን ማየት ነበረብኝ። ማሽኑ እየተንቀጠቀጠ ንጹሑን በአንድ በኩል ያወርዳል፣ አሸዋና ስባሪው ከታች ይከመራል። የታችኛው ክምር ግን በዛብኝ። እዚያ የነበሩ አንድ ሸኽ አሉ፤ የማኅበሩ አባል ናቸው፣ የራሳቸው ወፍጮ ቤትም አላቸው። ከክምሩ አንድ እፍኝ ዘግነው መዳፋቸው ላይ ዘርግተው አሳዩኝ። ከአሸዋው ይልቅ ደህናው ማሾ ይበዛል።

«ልጄ፣ ይኼ ቆሻሻ ነው?» አሉኝ።

«አይደለም ሸኽዬ።»

«እንግዲያ ለዶሮ መኖ የምንሸጠው ምን ሆነን ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ምክንያቱም ያንን ወንፊት አምና ያስገዛኋቸው እኔ ነኝ። ሁለት ዋጋ ቀርቦላቸው ነበር። «ርካሹን ውሰዱ፣ ወንፊት ወንፊት ነው» አልኳቸው፣ ኮሚሽኔን ተቀበልኩ፣ ነገሩን ረሳሁት። እነሱ ግን ዓመቱን ሙሉ ሲከፍሉበት ከርመዋል።

አሁን ማኅበሩ ለወንፊትና ለወፍጮ መዶሻ አዲስ ግዢ ሊፈጽም ነው። ደግሞ ምክር ጠይቀውኛል። በዚህኛው ኮሚሽን አልወስድም። ምክሬንም በጆሮ ከምነግራቸው እዚህ በአደባባይ ልጻፈው፤ ለሌላውም ዩኒየን፣ ለላኪውም ይጠቅማል።

አሸዋ ከብረት ይጠነክራል

ሸኽዬ በዚያው ወደ ወፍጮ ቤታቸው ወሰዱኝ። አንድ አዲስና አንድ ያለቀ መዶሻ አውጥተው በቅመም ሚዛን መዘንናቸው። ልዩነቱ ከ100 ግራም በላይ ነው። ወፍጮው 24 መዶሻ አለው። አባዙት፤ ቢያንስ 2 ኪሎ ከ400 ግራም ብረት ጠፍቷል ማለት ነው።

«የት ሄደ?» አልኩ።

«ሰው በልቶታላ!» አሉ ሳቅ ብለው።

እሳቸው ሳቁ እንጂ ነገሩ ቀልድ አይደለም። ከወፍጮ ውስጥ የሚያልቅ ብረት ሌላ መውጫ የለውም፤ ከዱቄቱ ጋር ነው የሚወጣው።

ያንን ብረት በዋናነት የበላው ማሽላው አይደለም፤ ከማሽላው ጋር የገባው አሸዋ ነው። የብረት ሰዎች ቪከርስ የሚሉት የጥንካሬ መለኪያ አላቸው። የአልማዝ ጫፍ በታወቀ ኃይል ይጫንና የተወው ጠባሳ ይለካል፤ ጠባሳው ባነሰ ቁጥር ቁጥሩ ከፍ ይላል። ተራ ለስላሳ ብረት ከ200 በታች ነው። በእሳት ተጠንክሮ የተዘጋጀ ጥሩ የመሣሪያ ብረት ከ700 እስከ 800 ይደርሳል። የአሸዋ ዋና አካል የሆነው ኳርትዝ ደግሞ ከ1,000 በላይ ነው።

ቁጥሮቹን እንደ ዋጋ ሰንጠረዥ እዩአቸው። ጠንካራው ለስላሳውን ይፍቃል፤ ሕጉ ይኼው ነው። ጥሩ ነው የምንለው ብረት እንኳ በአሸዋ ፊት ተሸናፊ ነው። ገበያ ላይ የምንገዛው ተራ መዶሻማ ጭራሽ አይወዳደርም።

አሸዋው ከየት ይመጣል? ከእኛው ነው። እህላችን የሚወቃው አውድማ ላይ፣ በበሬ እየተረገጠ ነው። ጤፍ ውስጥ በምርመራ ከሚገኘው የብረት ማዕድን ከፊሉ ከራሱ ከጤፉ ሳይሆን ከአውድማ አፈር የገባ መሆኑን ተመራማሪዎች ካሳዩ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። አፈሩ ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ ኳርትዙን ይዞ ነው። ማሾም ያው ነው፤ መሬት ላይ ተወቅቶ፣ መሬት ላይ ተከምሮ፣ በአካፋ ተዝቆ ነው ጆንያ የሚገባው።

ካርባይድ ምንድን ነው?

አሸዋን የሚያሸንፍ ነገር አለ። ካርቦን ከቲታኒየም፣ ከቫናዲየም፣ ከክሮሚየም ወይም ከተንግስተን ጋር ሲዋሃድ የሚወጣው ካርባይድ ይባላል። በዚያው በቪከርስ መለኪያ ክሮሚየም ካርባይድ 1,500 አካባቢና ከዚያም በላይ ነው፤ ተንግስተን ካርባይድ ከ2,000 ይበልጣል፤ የቫናዲየምና የቲታኒየም ካርባይድ ወደ 3,000 ይጠጋሉ። ከአሸዋው ሁለትና ሦስት እጥፍ ማለት ነው።

አዲስ ነገር አይደለም። የጀርመኑ ክሩፕ ኩባንያ ተንግስተን ካርባይድን «ቪዲያ» በሚል ስም ለገበያ ያወጣው በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ስሙ በእነሱ ቋንቋ «እንደ አልማዝ» ከሚለው የመጣ ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ኮንክሪት የምንበሳበት ፑንታ ጫፍ ላይ የተበየደችው ትንሽ ብረት እሷ ናት።

ግን ሙሉ ዕቃን ከካርባይድ መሥራት ውድ ነው፤ ደግሞም ካርባይድ ዱላ አይችልም፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ብልሃት ተገኘ፤ ውስጡን ከመሣሪያ ብረት ሠርቶ ላዩን በካርባይድ መሸፈን። ውስጡ ምቱን ይችላል፣ ላዩ ጭረቱን ይችላል።

አንዱን መንገድ ብቻ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ለገዢ ትልቅ ትምህርት አለው። በጃፓን የቶዮታ ማዕከላዊ የምርምር ላቦራቶሪ ያዳበረው ዘዴ ነው። ብረቱ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በጋለ የቀለጠ ቦራክስ ውስጥ ይነከራል፤ ወርቅ ሠሪዎቻችን ለመበየድ የሚጠቀሙበት ያው ቦራክስ። ቦራክሱ ውስጥ ቫናዲየም ይጨመራል። በሙቀቱ የተነሳ ካርቦን ከራሱ ከብረቱ ሆድ እየወጣ ላዩ ላይ ከቫናዲየሙ ጋር ይጋባል። ከሰዓታት በኋላ ከ5 እስከ 15 ማይክሮን የሚሆን ሽፋን ይይዛል። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ እንግዲህ ከፀጉር የሳሳ ነው። ሌላው መንገድ በጋዝ ነው፤ ቲታኒየም ካርባይድን በተመሳሳይ ሙቀት ብረቱ ላይ የሚያስቀምጥ።

ከዚህ ውስጥ ገዢ ሁለት ነገር ይያዝ።

አንደኛ፣ ሽፋኑ ካርቦኑን የሚያገኘው ከብረቱ ከሆነ፣ ካርቦን የሌለው ብረት ሽፋን አይዝም። ከፌሮ ቁራጭ የተሠራ ዕቃ «ቫናዲየም ካርባይድ የለበሰ ነው» ቢሏችሁ አትመኑ።

ሁለተኛ፣ በ1,000 ዲግሪ የጋለ ብረት ከዚያ በኋላ እንደገና ካልተጠነከረ ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ለስላሳ ብረት ላይ ያለ ጠንካራ ሽፋን ጭቃ ላይ እንደተነጠፈ መስታወት ነው። መስታወቱ ጠንካራ ነው፤ ሲረግጡት ግን ጭቃው ይሰምጥና መስታወቱ ይሰበራል።

ታዲያ የት ያዋጣል?

እዚህ ላይ ነው ሻጭም ገዢም የሚሳሳተው። «ካርባይድ ጥሩ ነው» ስለተባለ ሁሉም ነገር ይሸፈን ማለት አይደለም። የእኛን ሦስት ዕቃዎች አንድ በአንድ እንያቸው።

1. ወንፊት። ወንፊት ማለት የተበሳ ላሜራ ነው። ላሜራው የሚበሳው በመብሻ (ፓንች) ነው፤ መብሻው አንድ ላሜራ ላይ ብቻ በሺዎች የሚቆጠር ቀዳዳ ይመታል። ጫፉ ሲደንዝ ቀዳዳው ይንሻፈፋል፣ ጠርዙ ላይ እንደ ምላጭ የቆመ ስስ ብረት ይተዋል። ፍሬው እዚያ ላይ ይቧጨራል፣ ይሰካል፣ ወንፊቱን ይደፍናል። የእኛ የሰንበቴው ወንፊት በሽታው ይኼ ነው፤ ገና ከፋብሪካ ሲወጣ ቀዳዳው እኩል አልነበረም።

ዲ2 የሚባል የመሣሪያ ብረት አለ፤ ካርቦኑ ከመቶ 1.5፣ ክሮሚየሙ ከመቶ 12 ገደማ ነው። የካርባይድ ሽፋን ዋና ቦታው እዚህ ነው፤ በእንዲህ ዓይነት ብረት የተሠራ መብሻ ላይ። ስለዚህ ሽፋኑን የምንገዛው እኛ አይደለንም፤ ወንፊት ሠሪው ነው። የእኛ ድርሻ «የምትበሳበት መብሻ ምን ብረት ነው? ሽፋን አለው? ስንት ላሜራ ከበሳ በኋላ ትለውጠዋለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ላሜራው ራሱ ግን ስስ ስለሆነ በ1,000 ዲግሪ ይጣመማል፤ «የተሸፈነ ወንፊት» ብሎ በዚህ መንገድ የተሠራ የሚያቀርብላችሁን ሁለቴ ጠይቁ።

የቡና ላኪዎች ይኼ ነገር እናንተን ይበልጥ ይነካል። ወንፊት 14 ማለት ቀዳዳው የአንድ ኢንች 64ኛ 14 ጊዜ ነው፤ 5.56 ሚሊ ሜትር። ወንፊት 15 ደግሞ 5.95 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ 0.4 ሚሊ እንኳ አይሞላም። ወንፊታችሁ በአገልግሎት ብዛት በዚህችው ልክ ከሰፋ፣ ላዩ ላይ «14» ተብሎ ተጽፎ ሥራው ግን የ15 ነው። ደህናው ቡና ወደ ታች ይወርዳል፤ በአገር ውስጥ ዋጋ ይሸጣል።

ለስሌት ያህል፣ 300 ኩንታል ስታበጥሩ በዚህ ምክንያት ከመቶ 3 ብቻ ያለ አግባብ ቢወርድ 9 ኩንታል ነው። በፈረሱላ 53 ገደማ። የዛሬውን የኤክስፖርትና የአገር ውስጥ ዋጋ ልዩነት አውጥታችሁ አባዙት፤ ከዚያ የወንፊቱን ዋጋ ከጎኑ አስቀምጡት። ምንም ወጪ የሌለው መፈተኛም አለ። ባለ 6 ሚሊ ፑንታ ውሰዱና ጭራውን ቀዳዳው ውስጥ ሞክሩ። ወንፊት 14 ውስጥ ዘው ብሎ ከገባ ወንፊቱ 15ንም አልፎታል፤ ጣሉት።

2. የቡና መቀሸሪያ ቢላ። ጀንፈል ስትቀሽሩ ቢላውና ሲሊንደሩ መካከል ያለው ክፍተት ነው ሁሉን የሚወስነው። ቢላው ሲያልቅ ክፍተቱ ይሰፋና ያልተቀሸረ ይወጣል። ኦፕሬተሩ ምን ያደርጋል? ያጠብቀዋል። የተበላው ግን እኩል ስላልሆነ አንዱ ጋ ይጠብቃል፣ አንዱ ጋ ይላላል፤ ስባሪ ይበዛል። የስፔሻሊቲ ገዢዎች አቆጣጠር ላይ 5 የተሰበረ ፍሬ አንድ ሙሉ ጉድለት ነው። ቢላው ምት ሳይሆን ፍትጊያ ነው የሚበዛበት። ስለዚህ ከጥሩ የመሣሪያ ብረት ተሠርቶ፣ ተጠንክሮ፣ ካርባይድ ቢለብስ ያዋጣል፤ ግን ቀድሞ ድንጋይ መልቀሚያና ማግኔት ካለ ብቻ። ጠጠር ከገባ ስሱን ሽፋን ይሸርፈዋል።

3. የወፍጮ መዶሻ። ይኼ ላይ ስስ ሽፋን አላምንበትም። መዶሻ በከፍተኛ ፍጥነት እየዞረ እህል ብቻ ሳይሆን ጠጠርና አንዳንዴ ሚስማር ይመታል። 10 ማይክሮን ምን ይችላል? ለመዶሻ የሚሆነው ወፍራሙ ነው፤ ክሮሚየም ካርባይድ ባለው ኤሌክትሮድ ጠርዙን በሚሊ ሜትር ውፍረት በብየዳ መሙላት። የስኳር ፋብሪካዎች የሸንኮራ መቁረጫ ቢላና መዶሻቸውን በዚህ መንገድ ማጠንከራቸው በዓለም የተለመደ ነው፤ እኛም አገር ወንጂ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሸንኮራ እየቆረጥን ነው። ጥሩ በያጅ ያለበት ከተማ ሁሉ ይኼን መሥራት ይችላል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፤ ፊት ለፊት የሚዞሩት መዶሻዎች ክብደታቸው እኩል መሆን አለበት። አለዚያ ወፍጮው ይንዘፈዘፍና መዶሻ ስታተርፉ ኩሽኔታ ትከስራላችሁ። መዶሻው አራት ጠርዝ ካለው ደግሞ ሳትጥሉት አዙሩት፤ አንዱ ጠርዝ ስላለቀ ብቻ አዲስ የሚገዛ ሰው አይቻለሁ።

ወርቃማ ቀለም አያታልላችሁ

«ይኼ ካርባይድ የለበሰ ነው» ተብሎ ቢጫ፣ ወርቅ የሚመስል ዕቃ ይቀርብላችኋል። ወርቃማው ቲታኒየም ናይትራይድ ነው፤ እሱም ጠንካራ ሽፋን ነው፣ ግን ካርባይድ አይደለም። ቲታኒየም ካርባይድም ቫናዲየም ካርባይድም መልካቸው ግራጫ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ከነጭራሹ ቀለም ነው። ሞረድ ያዙና ጠርዙን ሞክሩት። ሞረዱ እንደ በረዶ ላይ ከተንሸራተተ ላዩ ጠንካራ ነው፤ ከነከሰው ሻጩን አመስግናችሁ ሂዱ። ሞረድ ሽፋኑ ምን እንደሆነ አይነግራችሁም፤ ውሸቱን ግን ያጋልጣል። ለትልቅ ግዢ የጥንካሬ ምርመራ ወረቀት ጠይቁ፤ የውስጡን ብረት ለብቻ፣ የሽፋኑን ለብቻ።

በኩንታል አስሉት

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። የእኛ ግዢ የሚወሰነው «የአንዱ ዋጋ ስንት ነው?» በሚል ነው። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል። እህልና ቡና ላይ ግን እንዲህ አናስብም፤ በኩንታልና በፈረሱላ ነው የምናወራው። ብረቱንስ ለምን በኩንታል አናሰላውም?

ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው። ሦስት ዓይነት የቢላ ስብስብ ቀረበ እንበል።

ሀ. ተራው፤ 4,000 ብር፣ 800 ኩንታል ይሠራል። በኩንታል 5 ብር።

ለ. በደንብ የተጠነከረና የተሸፈነ፤ 10,000 ብር፣ 4,000 ኩንታል ይሠራል። በኩንታል 2 ብር ከ50።

ሐ. ያው የተሸፈነው፣ ግን ድንጋይ ሳይለቀም የተሠራበት፤ 10,000 ብር፣ በ500 ኩንታል ተሸረፈ። በኩንታል 20 ብር።

ሦስተኛውን በደንብ እዩት። ውድ ዕቃ ገዝቶ እህሉን ሳያጸዳ ማስገባት ከሁሉ የከፋ ኪሳራ ነው። ለዚህ ነው «ካርባይድ ግዙ» ብዬ የማልጮኸው። መጀመሪያ ሸራ፣ ቀጥሎ ድንጋይ መልቀሚያና ማግኔት፣ ቀጥሎ የተጠነከረ ብረት፣ መጨረሻ ላይ ሽፋን። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ገንዘቡ አሸዋ ላይ ፈሰሰ ማለት ነው።

በዚህ ላይ ማሽኑ ቆሞ የሚያልፈውን ቀን፣ የገጣሚውን ክፍያና የወረደውን ደረጃ ጨምሩበት። ይኼ ሁሉ ደረሰኝ የለውም፤ ለዚህም ነው የማናየው። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው።

ሲሉኝ የሰማሁት

አንዳንድ ወዳጆቼ «ዶላሩን ከየት አምጥተን?» ይሉኛል። እውነት አላቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ምን እንዳደረገን ሁላችንም እናውቃለን። ግን ነገሩን ገልብጣችሁ እዩት። ዕቃ በተወደደ ቁጥር ቶሎ የሚያልቀው ነው ይበልጥ የሚጎዳው። በዓመት አምስት ጊዜ የሚለወጥ ርካሽ ዕቃ አምስት ጊዜ ምንዛሪ ይፈልጋል።

ሌላው የሚሉኝ «እኛ ትንሽ ነን፣ ማን ይሰማናል?» ነው። አንድ ማኅበር ብቻውን ወንፊት ሠሪን «መብሻህን አሳየኝ» ቢለው ይስቅበታል። አሥር ዩኒየን በአንድ ላይ ቢጠይቁት ግን አይስቅም። አቃቂ ላይ የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያ ፋብሪካ ያለን አገር ነን። እዚህ ቅርባችን ኮምቦልቻ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። 1,000 ዲግሪ የሚደርስ ምድጃ፣ ቦራክስና ልምድ ያለው ሰው የሚጠይቅ ሥራ ከሰማይ የሚወርድ አይደለም። ትዕዛዝ ይፈልጋል፤ ትዕዛዙ ደግሞ ከእኛ ነው የሚመጣው።

ሦስተኛው የሸኽዬ ነው። እሳቸውም መጀመሪያ አልተዋጠላቸውም። «አባቶቻችን ወፍጮ ሲለሰልስ ወቅረው ነው የፈጩት፤ አሁን የጃፓን ቦራክስ አምጡ ትለናለህ?» አሉኝ።

«ሸኽዬ፣ ድንጋዩን ለመውቀር የሚመርጡት ምን ዓይነት መውቀሪያ ነበር?» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና «ጫፉ የጠነከረ» አሉ።

«እኔም ከዚህ ሌላ ነገር አላልኩም።»

ሳቁ። «አብሽር፣ ገብቶኛል። አንተ ግን አምና የት ነበርክ?» አሉኝ። እሱ ላይ አሁንም መልስ የለኝም።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

ለገበሬዎቻችን፤ ማሾውንና ማሽላውን ሸራ ላይ ውቁ፣ ሸራ ላይ ከምሩ። የሸራው ዋጋ ከብዷችሁ ከሆነ ማኅበራችሁ በብዛት ይግዛላችሁ። እኔ በበኩሌ ንጹሕ ጭነት ሳገኝ ለገዢው ለይቼ ነው የማቀርበው፤ በዋጋውም እከራከርላችኋለሁ።

ለዩኒየኖች፤ የግዢ ሰነዳችሁ ላይ አራት መስመር ጨምሩ። የብረቱ ዓይነት፤ የጥንካሬ ቁጥሩ፤ ሽፋን ካለው ዓይነቱና ውፍረቱ፤ ስንት ኩንታል እንደሚሠራ በጽሑፍ ዋስትና። ውድድሩም በነጠላ ዋጋ ሳይሆን በኩንታል ይሁን። ማሽኑ አጠገብ ደግሞ አንድ ደብተር ስቀሉ፤ ዕቃ የተለወጠበት ቀንና እስከዚያ የተሠራው ኩንታል ይጻፍበት። ደብተር የሌለው ሰው የትኛው ዕቃ እንዳዋጣው በምን ያውቃል?

ለላኪዎች፤ ወንፊታችሁን በየወሩ ለኩ። በ2000 ዓ.ም. ጃፓን ቡናችን ላይ የተባይ ማጥፊያ ቅሪት አግኝታ ገበያው ሲቀዘቅዝ ጥርጣሬው የወደቀው ቡናው ላይ ሳይሆን ከረጢቱ ላይ ነበር። ትንሽ የሚመስል ዕቃ ትልቅ ገበያ ያሳጣል። ነገ ደግሞ ከረጢት ሳይሆን የብረት ፍቅፋቂ ሊሆን ይችላል። ከማሸጊያው በፊት ማግኔት አድርጉ፤ ማግኔቱ ላይ የሚሰበሰበውን ብረት እያያችሁም የማሽናችሁን ጤንነት ታውቃላችሁ።

ለነጋዴዎችና ለእንደኔ ዓይነት ደላሎች፤ ዕቃ ስናስገዛ ኮሚሽናችን አንድ ቀን ነው፣ የገዢው ኪሳራ ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። በሚቀጥለው ዓመት እህሉን የምናሻሽጠው ለዚያው ሰው ነው። ደረጃው የወረደ ጭነት ደግሞ ለእኛም ኮሚሽን አይሞላም። ከእጅ የማይሻል ዶማ አስገዝተን «ዘንድሮ ገበያው ተበላሸ» አንበል።

የሰንበቴው ማኅበር ግዢውን የሚወስነው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። የእኔ ምክር ይኼ ነው፤ ወንፊቱን መብሻውን ከሚያሳይ ሰው ግዙ፤ መዶሻውን በካርባይድ ብየዳ አስሞሉ፤ ከሁለቱም በፊት ግን ድንጋይ መልቀሚያውንና ማግኔቱን አስቀድሙ። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ከታች ወደ ላይ ቀንሱ እንጂ ከላይ አትጀምሩ። እኔም እዚያው ቀርቤ ስለ አምናው ወንፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ያ የዶሮ መኖ የሆነው ማሾ የሰው ላብ ነው።

የወንፊታችሁን ቀዳዳ በፑንታ ፈትናችሁ ያገኛችሁትን ላኩልኝ፤ እሁድ ከዋጋው ጋር አብሬ አወጣዋለሁ። ገበያው ለሁላችን የቀና ይሁን።